ተጫወቱ ሲሉን

(በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሃያ ዓመታት በፊት አምስተርዳም ውስጥ በአንድ ሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር። በቀን አሥራ ስድስት ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የተቆረጠ ደቂቃ፣ ከዚያ በተረፈው ሰዓት ደግሞ ወገብን ይዞ መቀመጥ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ወደ መልበሻ ክፍላችን ስንገባ ግድግዳው ላይ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሎ አገኘን። የሁላችንም ስም በተርታ ሰፍሮበታል፤ ከግርጌው ወርቅማ የወረቀት ኮከቦች የታጨቁበት ፖስታ ተንጠልጥሏል። ሥራ አስኪያጃችን ወጣትና ክፋት የሌለበት ሰው ነበር፤ ከአንድ የሁለት ቀን ሥልጠና መመለሱ ነው። ፈገግ ብሎ ለታየ አንድ ኮከብ፣ እንግዳ በጽሑፍ ላመሰገነው ሁለት፣ በወሩ መጨረሻ ብዙ ኮከብ ለሰበሰበ የእራት ግብዣ መኖሩን አስረዳንና «እንደ ጨዋታ ቁጠሩት» አለን።

ከመካከላችን አንዲት በዕድሜ የገፉ ሱሪናማዊት ነበሩ። ሁላችንም «ታንተ» እንላቸዋለን፤ በእነርሱ ቋንቋ አክስቴ ማለት ነው፤ በእኛ እትዬ እንደምንለው። ታንተ ሰሌዳውን ለአንድ ሳምንት ዝም ብለው ሲያዩት ሰነበቱ። በሁለተኛው ሳምንት ከራሳቸው ተርታ ኮከቦቻቸውን በጥፍራቸው እየላጡ በሌሎቻችን ስም ፊት መለጠፍ ጀመሩ። ዛሬ ለፖላንዳዊቷ፣ ነገ ለእኔ፣ ከነገ ወዲያ ከሥራ ከወጣ ሦስት ወር ለሆነው ለሞሮኮዋዊው ልጅ፤ ስሙን ራሳቸው በእስክሪብቶ ጨምረውለት ነው። እኛም ተከተልናቸው። በወሩ መጨረሻ ሰሌዳው ላይ የቀደመውን ለይቶ ማወቅ አልተቻለም፤ ከሥራ የወጣው ልጅ ግን በሰባት ኮከብ ይመራ ነበር። እንደዚያ የሳቅንበት ወር ትዝ አይለኝም። ሰሌዳው ወረደ።

ሥራ አስኪያጁ «ጨዋታውን አበላሻችሁት» ብሎ አዘነ። እኔ ደግሞ ያን ወር ሙሉ በእውነት ስንጫወት እንደነበር ይሰማኝ ነበር። ከሁለታችን ማን ነው የተሳሳተው? ይህ ጥያቄ ነው፣ ውድ አንባቢ፣ ከአንድ የታሪክ ሰው መጽሐፍ ጋር ያገናኘኝ።

አምስተርዳም መሀል ስፓው የሚባል አደባባይ አለ። ዓርብ ዓርብ አሮጌ መጻሕፍት ይሸጡበታል። ከእነዚያ መደብሮች በአንዱ የዮሃን ሁይዚንጋን «ሆሞ ሉደንስ»፣ ማለትም «ተጫዋቹ ሰው»ን፣ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ አግኝቼ ገዛሁ። አደባባዩ ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የቆመ የአንድ የጎዳና ልጅ የነሐስ ሐውልት አለ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ያነበብሁት ከሐውልቱ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ልጁ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ እንዳለው ያኔ አላወቅሁም ነበር።

ሁይዚንጋ የላይደን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ፕሮፌሰር ነበር። በ1933 የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሳለ ባደረገው ንግግር በባህል ውስጥ የጨዋታና የቁም ነገር ድንበር የት እንደሆነ ጠየቀ፤ መጽሐፉ በ1938 ወጣ። ሐሳቡ ሲጠቀለል ይህ ነው፦ ጨዋታ ከባህል ይቀድማል፤ ቡችሎችም ይጫወታሉና። ሕጉ፣ ጦርነቱ፣ ቅኔው፣ የፍርድ ሙግቱ ሁሉ ሥሩ ጨዋታ ውስጥ ነው። ጨዋታ የራሱ ቦታና የራሱ ጊዜ አለው፤ የራሱ ሕግም አለው። ከሁሉ በፊት ግን በፈቃድ የሚገባበት ነው። በትእዛዝ የተደረገ ጨዋታ ጨዋታነቱ ይቀራል፤ ቢበዛ የጨዋታ ቅጂ ቢሆን ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ሳቅሁ። የሰሌዳው ነገር ተፈታልኝ።

ሁይዚንጋ አንድ ሌላ ልብ የሚነካ ልዩነት ያስቀምጣል። አጭበርባሪው አንድ ነገር ነው፤ ጨዋታ አፍራሹ ሌላ ነው። ብይ ስንጫወት አውራ ጣቱን ሰርቆ ወደፊት የሚያስጠጋ ልጅ አይጠፋም ነበር፤ እናባርረዋለን፣ ማግሥቱን ይመለሳል። እርሱ ቢያንስ ሕጉን የሚያከብር ይመስል ነበርና። የማይመለሰው ግን «እኔ አልጫወትም፤ ይኼ እኮ ተራ ጠጠር ነው» ብሎ የተነሣው ነው፤ የቆምንባትን ትንሽ ዓለም ስላፈረሰብን። ታንተ ከሁለቱ የትኛው ናቸው? እንደ እኔ ከሁለቱም አይደሉም። የሰሌዳውን ዓለም አፍርሰው እዚያው ላይ ሌላ ሠሩ። ይህን ዓይነቱንም ሁይዚንጋ ያውቀዋል፤ ከሃዲ፣ መናፍቅ፣ አብዮተኛ እየተባሉ ከአንድ ጨዋታ ወጥተው የራሳቸውን ማኅበር ስለሚያቆሙ ሰዎች ጽፏል።

የመጽሐፉ ሁለተኛ ምዕራፍ ጨዋታ የሚለውን ቃል በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ይመረምራል፦ በግሪክኛ፣ በሳንስክሪት፣ በቻይንኛ፣ በላቲን። ጃፓኖች በአክብሮት ንግግራቸው አንድ ትልቅ ሰው ከተማ ደረሰ ለማለት «መድረስን ተጫወተ» እንደሚሉ ያነሣል። አማርኛን ቢያውቅ ኖሮ ምን ይል ነበር? እኛ ዘንድ ልጅ ይጫወታል፤ ሽማግሌም ይጫወታል፤ ሽማግሌው የሚጫወተው ግን ወሬ ነው። ቤታችን የመጣ እንግዳ ዝም ካለ «ተጫወት እንጂ» እንለዋለን። ተነሥተን ስንሄድ ለሚቀሩት «ተጫወቱ» ብለን እንወጣለን። መስተንግዶና ጨዋታ በእኛ ቋንቋ አንድ ማዕድ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ ነው፣ ሥራዋ እንግዳ መቀበል የሆነች ሴት ፈገግታዋ በወረቀት ኮከብ ሲቆጠር፣ ቋንቋዬ ራሱ የተሰደበ ያህል የተሰማኝ።

ስለ ሁይዚንጋ አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ከተማው ልመለስ። ስለ ጨዋታ ንግግሩን ባደረገበት በዚያው በ1933 አንድ የጀርመን የተማሪዎች ልዑክ ላይደን መጣ። የልዑኩ መሪ ዮሃን ፎን ሊርስ አይሁድን የክርስቲያን ሕፃናት ገዳዮች አድርጎ የሚከስስ ትንሽ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነበር። ሁይዚንጋ አስጠርቶ መጽሐፉ የእርሱ መሆኑን አረጋገጠና እጁን ሳይጨብጥ ከዩኒቨርሲቲው አስወጣው። ጀርመኖች ኔዘርላንድስን ከያዙ በኋላ በ1942 አገቱት፤ ስለ ጤናው ቢለቁትም ወደ ላይደን እንዳይመለስ ከለከሉት። በፌብሩዋሪ 1945፣ ነጻነት ሦስት ወር ሲቀረው፣ ዴ ስቴኽ በምትባል መንደር ሞተ። ሰው ተጫዋች ነው ያለው ምሁር የኖረበት ዘመን ይህ ነበር።

በዚያ ዘመን በከተማዋ የሆነውን እናስተውል። በሴፕቴምበር 1941 የአይሁድ ቤተሰቦች ከመናፈሻዎች ታገዱ፤ ልጆቻቸው እንደ ሌላው ልጅ ሣር ላይ መሮጥ ቀረባቸው። በ1942 የበጋ ወራት ደግሞ አይሁድ ቢስክሌታቸውን እንዲያስረክቡ ታዘዙ። መጀመሪያ መጫወቻው፣ ቀጥሎ ቢስክሌቱ፣ ከዚያ ባቡሩ መጣ። በኔዘርላንድስ ከነበሩት ወደ 140,000 ከሚጠጉ አይሁድ መካከል ከ100,000 በላይ የሚሆኑት ተገደሉ። በ1944–45 በነበረው የረኃብ ክረምት የቀረው ሕዝብ ማገዶ ሲያጣ ባለቤቶቻቸው ወደማይመለሱባቸው ቤቶች ገብቶ ደረጃውን፣ ወለሉን፣ ተሸካሚውን እንጨት ሁሉ ነቅሎ አነደደ። ቤቶቹም ወደቁ። ጦርነቱ ሲያበቃ አሮጌው የአይሁድ ሰፈር ጥርሱ እንደ ረገፈ አፍ ሆኖ ቀረ።

አልዶ ቫን አይክ የሚባል የሃያ ስምንት ዓመት አርክቴክት በከተማው የሕዝብ ሥራዎች መሥሪያ ቤት የተቀጠረው በዚህ ጊዜ፣ በ1946 ነው። አለቆቹ ኮርኔሊስ ቫን ኤስተረንና ያኮባ ሙልደር ነበሩ። የመጀመሪያ ሥራው በበርተልማን አደባባይ የተሠራች አንዲት መጫወቻ ናት፤ ዘመኑ 1947። ምን ነበረባት? ሰፊ የሲሚንቶ ከንፈር ያለው የአሸዋ ገንዳ፣ ጥቂት ዝቅተኛ ድንጋዮች፣ ልጆች የሚገለባበጡባቸው የብረት ዘንጎች፣ ዛፍና አግዳሚ ወንበር፤ አለቀ። ሰዎች ከሌላ ሰፈር መጥተው አዩዋት፤ «ለእኛም» እያሉ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤ እየመጣ፣ ባዶ ቦታ እየተፈለገ፣ እስከ 1978 ድረስ ከ700 በላይ መጫወቻዎች ተሠሩ። አንዳንዶቹ የተሠሩት በእነዚያ ቤቶች ፍርስራሽ ላይ ነው።

ቫን አይክ አንድ ነገር አጥብቆ ይቃወም ነበር፦ የዝሆንና የቀጭኔ ቅርጽ ያላቸውን መጫወቻዎች። ዝሆን ምን እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሮታል፤ ልጁ የሚጨምርበት ነገር የለም። ክብ ድንጋይ ግን ዛሬ ደሴት ነው፣ ነገ ምድጃ፣ ከነገ ወዲያ ሱቅ። ሁለተኛው ልማዱ ደግሞ መጫወቻውን ከመንገዱ በአጥር አለመለየቱ ነው። አዛውንቱ ከገንዳው ከንፈር ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ፤ ልጁ በእግራቸው ሥር ይቆፍራል። በረዶ ሲጥል ለጥቂት ሰዓታት ልጆች የከተማዋ ጌቶች እንደሚሆኑ ጽፏል፤ እርሱ የፈለገው እንደ በረዶ የማይቀልጥ ነገር ነበር።

የእኔ ልጅ መዝለል የተማረው ከእነዚህ በአንዷ ላይ ነው። ከሥራ ስመለስ ወገቤን በሲሚንቶው ከንፈር ላይ አሳርፌ አየው ነበር። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሲዘል መሬት የነካ «ይቃጠላል» የሚል ሕግ አወጡ፤ ማን እንዳወጣው አላየሁም። የደች ልጆች፣ የቱርክ ልጆች፣ የእኔ ልጅ፤ አንድም ኮከብ አልነበረም። ከመሬቱ በታች የማን ቤት መሠረት እንደነበረ ያኔ ባውቅ ኖሮ እዚያ መቀመጥ ይከብደኝ ነበር? አላውቅም። ልጄን ግን አልከለክለውም ነበር።

አሁን ወደ ነሐሱ ልጅ እንመለስ። ሐውልቱ «ሊቨርዲየ» ይባላል፤ በማቆላመጥ «ውዴዋ» እንደ ማለት ነው። በ1960 አደባባዩ ላይ ሲተከል ወጪውን የቻለው አንድ የሲጋራ ኩባንያ ነበር። ሮበርት ያስፐር ግሮትፌልት የሚባል ትንባሆን የሚጠላ፣ ራሱ ግን አጫሽ የሆነ ቀልደኛ፣ ይህን አይቶ ቅዳሜ ሌሊት ሌሊት በሐውልቱ ዙሪያ ጉባኤ ማድረግ ጀመረ፤ እሳት ይነዳል፣ ይዘፈናል፣ የሳል ዝማሬ ይሰማል። ፖሊስ በዱላ ይመጣል፤ ቀልዱም ይደምቃል። በ1965 ሩል ቫን ዳይን፣ ሮብ ስቶልክና ጓደኞቻቸው «ፕሮቮ» የተባለውን ቡድንና መጽሔት መሠረቱ። የሁይዚንጋ ተጫዋች ሰው ወደ እነርሱ የደረሰው በሠዓሊው በኮንስታንት ኒውወንሃውስ በኩል ነው፤ ኮንስታንት ሰዎች ከድካም ሥራ ነጻ ወጥተው የሚጫወቱባትን «ኒው ባቢሎን» የምትባል ከተማ ሲያልም የኖረ፣ ለፕሮቮም የጻፈ፣ የቫን አይክም ወዳጅና የሥራ ባልደረባ የነበረ ሰው ነው። ወግ አጥባቂው ሽማግሌ ሁይዚንጋ እነዚህን ጸጉረ ረጃጅሞች ቢያያቸው «ሕፃንነት ሌላ፣ መጫወት ሌላ» ብሎ ይገሥጻቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። የዘመኑን የጅምላ ጩኸትና ጉረኛነት እንደ ልጅነት በሽታ ነበር የሚቆጥረው።

ከፕሮቮዎቹ አንዱ ሉድ ስኪመልፔኒንክ ነበር። በጁላይ 1965 ያቀረበው የነጭ ቢስክሌት ዕቅድ እንዲህ ይላል፦ የከተማዋ መሀል ለመኪና ይዘጋ፤ ከተማው በዓመት 20,000 ነጭ ቢስክሌቶች ይግዛ፤ ቢስክሌቶቹ የማንም ስለማይሆኑ የሁሉም ይሆናሉ፤ የፈለገ ያነሣል፣ የደረሰበት ላይ ይተወዋል። ለምሳሌ ያህል ጥቂት አሮጌ ቢስክሌቶችን ነጭ ቀብተው ሳይቆልፉ አደባባይ ላይ አቆሟቸው።

ፖሊስ ወሰዳቸው። ምክንያቱን ልብ በሉልኝ፦ ያልተቆለፈ ቢስክሌት ሌባን ይጋብዛል። የማንም ያልሆነን ነገር መስረቅ እንዴት ይቻላል? ፕሮቮዎቹ መልስ አላጡም። በቁጥር የሚከፈት ቁልፍ ገጠሙላቸውና የመክፈቻውን ቁጥር እዚያው ቢስክሌቱ ላይ ጻፉት።

ነጭ ዕቅዶች በረከቱ። የፋብሪካ ጭስ የሚቀጣ ነጭ የጭስ ማውጫ ዕቅድ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በየተራ የሚጠብቁበት ነጭ የልጆች ዕቅድ፣ ፖሊስ ዱላውን ጥሎ ለተራበ የዶሮ እግር የሚያድልበት ነጭ የዶሮ ዕቅድ። ፖሊስን «ዶሮ» እያሉ ይሰድቡ ነበርና ስድቡን ወደ ምሳ ለወጡት። በጁን 1966 የከተማው ምክር ቤት ምርጫ አንድ ወንበር አገኙ፤ በሜይ 1967 ራሳቸው ቡድኑን አፈረሱ። ጨዋታ ጊዜ እንዳለው አውቀው፣ መሸ ሲባል ወደ ቤት እንደሚገቡ ልጆች መበተናቸው ከሥራዎቻቸው ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው። ምክር ቤቱ ግን የስኪመልፔኒንክን ዕቅድ አልተቀበለውም።

ሰውየው አልተወም። በ1974 «ዊትካር» የተባለች ሁለት ሰው የምትይዝ፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ የጋራ መኪና አምስተርዳም ውስጥ አስጀመረ፤ እስከ 1986 ቆየች። ሌሎች ከተሞችም ሐሳቡን አነሡት። ካምብሪጅ በ1993 ነጻ ቢስክሌቶች አቁማ አብዛኞቹ ተሰረቁባት። ኮፐንሃገን በ1995 ሳንቲም የሚጎርስ ቢስክሌት አወጣች፤ ስትመልስ ሳንቲምህን ይመልስልሃል። ፓሪስ በጁላይ 2007 ሳንቲሙን በባንክ ካርድ ተካችው። ከዚያ ስልክ መጣ፤ ዛሬ የት እንደተነሣህ፣ የት እንደወረድህ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየህ ይመዘገባል። ከተሞቹን አልወቅስም፤ የተሰረቀ ቢስክሌት ማንንም አያደርስም። ነገር ግን የፕሮቮ ነጭ ቢስክሌት ሰውን አስቀድሞ ያምን ነበር፤ የካርዱ ቢስክሌት መጀመሪያ መያዣ ይጠይቃል።

መያዣ ሲነሣ ባሕር ዳር ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለን ቢስክሌት በደቂቃ እንከራይ ነበር። አከራያችን ሰዓታቸውን እጃቸው ላይ እያዞሩ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ቤታቸውን የማያውቁትን ልጅ ጫማውን አስወልቀው ያስቀምጡታል፤ የሚያውቁትን «ሂድ» ብቻ ይሉታል። በባዶ እግር ፔዳል መምታት ያማል። ጫማ የማወልቅበት ዘመን አልፎ «ሂድ» የተባልሁበትን ቀን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ያን ቀን አንዲትም ደቂቃ አላሳለፍሁባቸውም።

ያለ መያዣ የሚሄድ ነጭ ቢስክሌት ግን ጨርሶ አልጠፋም። አርንሄም አጠገብ ዴ ሆኸ ፌሉወ በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነጫጭ ቢስክሌቶች አሉ፤ ዛሬ ከ1,500 ይበልጣሉ። ቁልፍ የላቸውም፣ ካርድ አይጠይቁም። አንዱን ታነሣለህ፣ በጫካውና በአሸዋው መካከል ትነዳለህ፣ ስትጨርስ ትመልሳለህ። እዚያ ለምን ይሠራል? ፓርኩ አጥርና በር አለው፤ ለመግቢያም ይከፈላል። ሁይዚንጋ ቢጠየቅ፣ መሬት ላይ የተሠመረ ክብ ስላለው ነው የሚል ይመስለኛል። ይህ መልስ ግን ቫን አይክን አያስደስተውም፤ እርሱ ያለ አጥር ከ700 በላይ ሠርቷልና። ከሁለቱ ለማን እንደማደላ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ወደ አሸዋው ገንዳ አደላለሁ። እርግጥ ነው፣ አሸዋ ሰርቆ የሚሸጥ የለም።

ከቫን አይክ መጫወቻዎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ቤት ተሠራባቸው፣ መኪና ቆመባቸው፣ ወይም አሸዋቸው ተጠርጎ ዝሆንና ቀጭኔ ተተከለባቸው። ልጄ መዝለል የተማረባት አለች፤ ድንጋዮቿ ግን ጥቂት ናቸው።

ታንተ ጡረታ የወጡት ሰሌዳው በወረደ በዓመቱ ነው። የመጨረሻ ቀናቸው ላይ ከቁም ሣጥናቸው ውስጥ ያንን ፖስታ አወጡት፤ ለካ ይዘውት ኖሯል። የቀሩትን ኮከቦች በሙሉ በአሮጌው ቢስክሌታቸው የኋላ ጭቃ መከላከያ ላይ ለጠፏቸውና «ተሸለምሁ» ብለው እየሣቁ ሄዱ። በሁለተኛው ወር ቢስክሌቱ ተሰረቀ፤ በዚያ ከተማ ይህ ወሬ አይደለም።

ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ በአንድ ቦይ ዳር ስሄድ አንዲት ልጅ ጓደኛዋን ከኋላ አፈናጥጣ በአጠገቤ አለፈች። የጭቃ መከላከያው ላይ ሦስት ኮከቦች ቀርተዋል፤ ወርቁ ለቅቆ ነጭ ሆነዋል። ልጠራት አፌን ከፈትሁና ምን ብዬ እንደምጠራት ጠፋኝ። ድልድዩን ሲሻገሩ ከኋላ የተቀመጠችው እግሯን አንሥታ ትስቅ ነበር።